እግርን የሚይዝ፣ ዓይንንም የሚስብ፦ ለእግር ጉዞ የሚሆን ሰንደል ጫማ አመራረጥ

አንድ ቀን በጣም የምወዳቸውን ሰንደል ጫማዎች በእጄ አንጠልጥዬ በባዶ እግሬ ቤት ገባሁ። ጠዋት ስወጣ ያየኝ ሁሉ «ከየት ነው የገዛሻቸው?» ብሎኛል። ቀጫጭን የቆዳ ማሰሪያ፣ ወርቅማ ዘለበት፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ሶል። ከሰዓት በኋላ ግን ተረከዜ ተልጧል፣ አውራ ጣቴ ሥር ውኃ ቋጥሯል፣ ባቴም ሰው የመታው ያህል ያመኛል።

ጥፋቱ የጫማው ብቻ አልነበረም። መደብሩ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለካኋቸው፣ ተነሥቼ መስታወት አየሁ፣ ከፈልኩ። አሥር እርምጃ እንኳ አልተራመድኩባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሰንደል የምመርጥበት መለኪያ አንድ ነው፦ ጫማው እግሬን ይያዝ እንጂ እግሬ ጫማውን አይያዝ። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ስትሄዱ ጣቶቻችሁን ልብ በሉ። ጫማው እንዳይወልቅ በየእርምጃው ይጨብጣሉ። ከመኝታ ቤት ሻወር ቤት ለመሄድ ይህ ምንም አይደለም። 5 ኪሎ ሜትር ግን ለብዙ ሰው ከ6 ሺህ እርምጃ በላይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሚጨብጥ ጣት ይደክማል፣ ድካሙም ወደ እግር መዳፍና ወደ ባት ይወጣል። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ወደዚህ ነገር ይመለሳል።

1. የት ልትሄዱበት ነው?

ይህን ሳይመልሱ መደብር መግባት ትርፉ ዓይን ያየውን ይዞ መውጣት ነው።

አስፋልትና ንጣፍ ላይ ለሚሄድ ሰው ዋናው ጠላት የመሬቱ ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ምቹ፣ ወፈር ያለ፣ ሲረግጡት ትንሽ የሚሰምጥ ሶል ያስፈልገዋል። ኮረኮንች ላይ የሚሄድ ደግሞ ጠጠሩ እንዳይሰማው ጠንከር ያለ ሶል፣ ከሥሩ ጥልቅ ጥርስ፣ ቢቻል ደግሞ ጣቶችን ከፊት የሚሸፍን ነገር ይፈልጋል። ድንጋይ ጥፍራችሁን መትቷችሁ የሚያውቅ ከሆነ የዚህን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ውኃ የሚነካው ጫማ ከሆነ ቆዳን እርሱት።

ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ጫማ ፍለጋ አድካሚ ነው። የግድ አንድ ብቻ ግዢ ብባል ግን የጎማ ሶል ያለው፣ ከተረከዝ ኋላ የሚታሰር፣ ማሰሪያው ጥቁር ወይም ቡናማ ጨርቅ የሆነ እመርጣለሁ። አያስደንቅም፣ አያሳፍርምም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ላስገባ። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ እግራችሁ የሚደነዝዝ ወይም ስሜቱ የቀነሰ ከሆነ ክፍት ጫማ አድርጎ ረጅም መንገድ መሄድ አደገኛ ነው። ትንሽ ጠጠር የፈጠረው ቁስል ሳይሰማችሁ ሊያመረቅዝ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

2. እግራችሁን ማታ ለኩ

እግር ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆመን፣ ሄደን፣ ተቀምጠን ስንውል ያብጣል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ሰንደል የሚለበሰው በሙቀት ነው። ጠዋት ልክ የሆነ ማሰሪያ ከሰዓት በኋላ የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ የምትለኩትም የምትገዙትም ከሰዓት በኋላ ይሁን።

አለካኩ እንዲህ ነው። ወረቀት ወለሉ ላይ ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ አንጥፉ። ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ቁሙ። ተቀምጦ መለካት አይሆንም፤ ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ የእግራችሁን ዙሪያ ንድፍ አውጡ። ሌላ ሰው ቢነድፍላችሁ የተሻለ ነው፣ ጎንበስ ስትሉ ክብደታችሁ ይዛነፋልና። ከዚያ ሌላውን እግር። የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ትንሽ ይበልጣል፤ የምትገዙት ለትልቁ ነው። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት እንዳልሆነም አትርሱ፤ ሁለተኛው ጣታቸው የሚረዝም ብዙዎች ናቸው።

አሁን ቁጥሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ማለት የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፣ ወደ 6.7 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ የእግራችሁን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ወስዳችሁ፣ ለመተንፈሻ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምራችሁ፣ በ1.5 አባዙት። 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር 26 ይሆናል፣ በ1.5 ሲባዛ 39። ፍለጋውን ከ39 ትጀምራላችሁ ማለት ነው እንጂ 39 ላይ ትጨርሳላችሁ ማለት አይደለም። የእንግሊዝና የአሜሪካ ቁጥር ግን በኢንች ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ 8.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚራመደው። መነሻው ደግሞ የገብስ ፍሬ ነው፤ ሦስት የገብስ ፍሬ በቁመቱ ሲደረደር አንድ ኢንች ይባል ነበር። ጫማችን እስከ ዛሬ በገብስ ይለካል ብል አልዋሸሁም።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን እኔ የማምነው መቀሱን ነው። የነደፋችሁትን ወረቀት ቆርጣችሁ አውጡና ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት። መደብር ስትገቡ ሰንደሉ ላይ አስተኙት። ወረቀቱ ከሶሉ ጠርዝ በየትኛውም በኩል ከወጣ መሞከርም አያስፈልግም። ልክ የሆነ ጫማ ከፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ያስተርፋል። ሻጩ ይገረም ይሆናል። ይገረም።

3. የእግራችሁ ሥር ምን ይመስላል?

እግራችሁን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ደረቅ ካርቶን ላይ ቁሙ፣ ከዚያ ዱካውን እዩ። መሐሉ ሙሉ ሆኖ ከታተመ እግራችሁ ዝርግ ነው። ተረከዙና የፊቱ ብቻ ታትሞ መሐሉ ክር ያህል ከቀጠነ ቅስታችሁ፣ ማለትም ከእግር ሥር መሐሉ ላይ ያለው ጎድጓዳ፣ ከፍ ያለ ነው። በመካከል ያለው የብዙ ሰው ነው። ፈተናው ሻካራ ነው፣ ምርመራ አይደለም። አቅጣጫ ለመያዝ ግን ይበቃል።

ዝርግ እግር ያለው ሰው ከውስጥ በኩል ደገፍ የሚያደርግ፣ የማይጠማዘዝ ሶል ይመቸዋል። ከፍ ያለ ቅስት ያለው ደግሞ ክብደቱ በተረከዙና በፊት እግሩ ብቻ ስለሚያርፍ ለስለስ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ የእግሩ ጀርባ ከፍ ስለሚል የማሰሪያው ርዝመት ሊያጥረው ይችላል።

የቡሽ ሶል እዚህ ላይ ይነሣል። ቡሽ ከላቴክስ ጋር ተደባልቆ ሲሠራ በሙቀትና በክብደት ቀስ እያለ የባለቤቱን እግር ቅርጽ ይይዛል። ጀርመናዊው ጫማ ሠሪ ካርል ቢርከንሽቶክ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ባለአንድ ማሰሪያ ሰንደል ይህን ዓይነቱን ሶል ዓለም ዙሪያ አስተዋወቀ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን እንደ እንጨት ይደርቃል። ደግሞም ጎድጓዳውና ከፍ ያለው ቦታ ከእናንተ እግር ጋር መግጠም አለበት። ጣቶቻችሁ የፊቱን ከፍ ያለ ጠርዝ ከረገጡ አንድ ቁጥር ጨምሩ፤ ተረከዛችሁ ከጎድጓዳው ከወጣ ተዉት።

4. ጫማውን ገልብጡት፣ እጠፉት፣ ጠምዝዙት

ሰው ሰንደል ሲያይ ከላይ ነው የሚያየው። እናንተ ከሥር ጀምሩ።

አንደኛ፣ ተረከዙንና ጫፉን ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ከጣቶች ሥር፣ እግራችሁ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። መሐሉ ላይ ለሁለት ከታጠፈ ከሥራችሁ የሚደግፋችሁ ነገር የለም። ጨርሶ ካልታጠፈ ደግሞ እንደ ሳንቃ ያስረግጣችኋል። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ወፍራም ሶል ካልሆነ በቀር፤ እሱ መታጠፉን በመንከባለል ይተካዋል።

ሁለተኛ፣ ፎጣ እንደሚጨመቅ ጠምዝዙት። ትንሽ ይስጥ እንጂ አይጨመቅ።

ሦስተኛ፣ የላይኛውን ለስላሳ ክፍል በእጃችሁ አውራ ጣት ተጫኑት። ሰምጦ ወዲያው መመለስ አለበት። ሰምጦ የሚቀር ስፖንጅ መደብር ውስጥ ደመና ላይ የቆሙ ያስመስላል፣ ከወር በኋላ ግን ካርቶን ነው።

ስለ ሶሉ ሥሪት ሻጩን ጠይቁ። ኢቪኤ የሚባለው ስፖንጅ ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ግን ቶሎ ተረግጦ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲበዛበትም ይኮማተራል። ፖሊዩሬቴን ከበድ ይላል፣ ነገር ግን ልስላሴውን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ችግሩ እርጥበት ቀስ በቀስ ይፈታዋል። ሣጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ አዲስ ጫማ አንድ ቀን አድርጋችሁት ስትወጡ ሶሉ ፍርፍር ብሎ መንገድ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ተመርቶ የቆየ ጫማ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ሶሉን ቆንጠጥ አድርጋችሁ እዩት። ከሁሉ በታች መሬት የሚነካው ደግሞ ጎማ ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ ንጣፍ ላይ የሚያድናችሁ እሱ ነው፤ ልሙጥ ፕላስቲክ ግን ያንሸራትታል።

ውፍረቱስ? የሳሳ ሶል ለእግር ይስማማል የሚል አስተሳሰብ አለ። የለመደ ሰው ይሄድበት ይሆናል። ያልለመደ ሰው ግን አስፋልት ላይ ረጅም ጉዞ ቢጀምርበት ተረከዙ ይነግረዋል። ከፍ ያለ ሶል የሚወዱም አይከፋቸው። ችግር የሚሆነው ከፍታው ሳይሆን የፊትና የኋላው ልዩነት ነው። ፊቱ 3፣ ተረከዙ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሶል፣ ሰፊ እስከሆነ ድረስ፣ ፊቱ ሳስቶ 5 ሴንቲ ሜትር ታኮ ካለው እጅግ ይሻላል። ቁርጭምጭሚት የሚያጥፈው ግን ከፍ ብሎ ጠባብ የሆነ ሶል ነው።

5. ማሰሪያው

ሶል ያምራል፣ ማሰሪያ ይፈርዳል። ከሰንደል የሚመጣ ቁስል አብዛኛው የማሰሪያ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 ግራንድ ካንየን በሚባለው የአሜሪካ ሸለቆ ውስጥ ወንዝ ላይ ጀልባ የሚመራ ማርክ ታቸር የሚባል ሰው ነጠላ ጫማ ላይ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ጨመረበት። ውኃው ጫማውን እየነጠቀ አስቸግሮት ነበር። ቴቫ የሚባለው ጫማ የተጀመረው እንዲህ ነው፣ ዛሬ ለእግር ጉዞ የሚሸጡ ብዙ ሰንደሎችም የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ነገሩ ቀላል ነው፦ ተረከዝ ሲያዝ ጣት ነፃ ይወጣል።

ስለዚህ ከተረከዝ ኋላ ማሰሪያ የሌለውን ሰንደል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለረጅም መንገድ አትግዙ። በዚህ አልደራደርም። ከዚያ ባለፈ የሚስተካከለው ቦታ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው፦ አንድ ከጣቶች በላይ፣ አንድ የእግር ጀርባ ላይ፣ አንድ ተረከዝ ኋላ። ከሰዓት በኋላ እግር ሲያብጥ ላላ፣ ቁልቁለት ሲመጣ ጠበቅ ማድረግ ትችላላችሁ።

ስትሞክሩት እንዲህ ፈትሹ። አስራችሁ ስታበቁ የእጃችሁ ትንሿ ጣት ከማሰሪያው ሥር ሳትታገል መግባት አለባት። ሁለት ጣት ከገባ ላልቷል። ዘለበቱ አጥንት ላይ እንዳያርፍ እዩ። ከአውራ ጣት ሥር በጎን በኩል አጥንት የወጣባችሁ ሰዎች ደግሞ ማሰሪያው ከፊቱ ወይም ከኋላው ማለፉን አረጋግጡ፤ በላዩ ላይ የሚያልፍ ከሆነ ማንም «ይለቃል» ቢላችሁ እንዳትሰሙ። ከዚያ ጣታችሁን በማሰሪያው የውስጥ ገጽ ላይ አንሸራትቱ። ስፌት፣ ቋጠሮ፣ ሹል ጠርዝ ካለ እጃችሁ ያገኘዋል። እጅ ያገኘውን እግር ከአንድ ሰዓት በኋላ ማግኘቱ አይቀርም።

ስለ ሥሪቱ፦ እውነተኛ ቆዳ በእርግጥ ይለቃል፣ እግርንም ይለምዳል፣ ግን ውኃና ላብ ያደርቀዋል። ሰው ሠራሽ ቆዳ አይለቅም፤ ዛሬ ከጠበበ ነገም ጠባብ ነው። የፖሊስተር ማሰሪያ ውኃ አይመጥም ማለት ይቻላል፣ ቶሎም ይደርቃል። ናይለን ግን ሲርስ ትንሽ ይላላል።

ቬልክሮን፣ ያን «ቸርርር» የሚለውን ማጣበቂያ፣ ብዙ ሰው ከሕፃን ጫማ ጋር ያያይዘዋል። እኔ እወደዋለሁ። ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀ ጭጎጎት አይቶ ነው ሐሳቡን ያገኘው ይባላል። መንገድ ላይ ቆሞ በአንድ እጅ ማስተካከል የመሰለ ነገር የለም። ዘለበት ደግሞ ይበልጥ ያምራል፣ ይበልጥም ይቆያል። ቀዳዳዎቹ ግን ተራርቀው የተበሱ ከሆነ «አንዱ ይጠብቃል፣ ቀጣዩ ይላላል» የሚል ጣጣ ውስጥ ትገባላችሁ።

6. መደብሩ ውስጥ ሂዱ

ሁለቱንም እግር አድርጉ። ቢያንስ አሥር ደቂቃ ተራመዱ። ደረጃ ካለ ውጡ፣ ውረዱ። ስትወርዱ እግራችሁ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ጣታችሁ ከጠርዙ ካለፈ ያ ጫማ ቁልቁለት ላይ ይከዳችኋል። ጆሯችሁንም አንቁ፤ «ጧ፣ ጧ» የሚል ሰንደል ተረከዛችሁን እየለቀቀ ነው። ከዚያ ቆም በሉና ጣቶቻችሁን እዩ። ተዘርግተዋል ወይስ ጨብጠዋል? ከጨበጡ መልሱት።

በኦንላይን ከገዛችሁ የእግራችሁን ርዝመት ከሻጩ የሴንቲ ሜትር ሠንጠረዥ ጋር አመሳክሩ፣ ከቁጥሩ ጋር አይደለም። መመለስ እንደሚቻል አረጋግጡ። ሲደርሳችሁ ምንጣፍ ላይ ብቻ ሞክሩት፤ ሶሉ የቆሸሸ ጫማ ማንም አይቀበላችሁም።

7. አሁን ስለ ውበቱ

ምቹ ሰንደል የግድ አስቀያሚ ነው የሚለው ወሬ ጊዜው አልፎበታል። ያም ሆኖ ተራው መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ የሚመቹትን ሦስት አራት ጫማዎች ለዩ፣ ከእነሱ ውስጥ የሚያምረውን ምረጡ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ እኔ የደረሰብኝ ይደርስባችኋል።

ቀለም ላይ አትጨነቁ። ለቆዳችሁ የቀረበ ቀለም፣ ቡናማ ወይም የማር ዓይነት፣ እግርን ያስረዝማል፣ ከብዙ ልብስም ጋር ይሄዳል። ጥቁር ከተማ ውስጥ የተሻለ ይዘንጣል። ነጭ ሶል ፎቶ ላይ አሪፍ ነው፣ ከሁለት ቀን ጉዞ በኋላ ግን ጥርስ ብሩሽ ይዛችሁ ቁጭ ትላላችሁ።

ቁርጭምጭሚትን የሚዞር ወፍራም ማሰሪያ እግርን ያሳጥራል። አጠር ያለ እግር ያላችሁ ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚት ዝቅ ብሎ የሚያልፍ፣ ወይም የእግር ጀርባ ላይ ተሻግሮ የሚጠላለፍ ብትመርጡ ያምርባችኋል። ቀጭን እግር ሰፊ ማሰሪያ ውስጥ ይጠፋል። ሰፋ ያለ እግር ደግሞ በቀጫጭን ክሮች ሲታሰር ሥጋው በየመሐሉ ይወጣል፣ መካከለኛ ስፋት ይሻለዋል።

ወፍራም የጉዞ ሰንደል ከጠባብ ሱሪ ጋር ጀልባ የተጫማችሁ ያስመስላል። ከሰፊ ሱሪ፣ ከረጅም ቀሚስ ወይም ከቁምጣ ጋር ግን ቦታውን ያገኛል። ጣት የሚሸፍነው፣ እንደ ቅርጫት የተጠላለፈው የቆዳ ሰንደል ደግሞ ለወንዱም ለሴቱም የቢሮን ደጃፍ የሚያልፍ ይመስለኛል። በሰንደል ካልሲ ማድረግ? ይሳቃል፣ አውቃለሁ። ቀጭን ካልሲ ግን ከመላጥ ያድናል። ምርጫው የእናንተ ነው።

ጥፍርና ተረከዝ ላይም ትንሽ ጊዜ አጥፉ። ከጉዞው በፊት ማታ ተረከዛችሁን ቅባት ቀቡት። የእግራችሁን ጀርባ የፀሐይ መከላከያ መቀባትም አትርሱ፣ ያለዚያ ማሰሪያው ለሳምንታት ታትሞባችሁ ይከርማል።

8. አስለምዱት፣ ከዚያ ጠብቁት

አዲስ ሰንደል ገዝቶ በማግስቱ ረጅም መንገድ መውጣት የለም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሰፈር ዞር ዞር፣ ከሳምንት በኋላ ሩቅ። የሆነ ቦታ ላይ መሞቅ ወይም መቅላት ካያችሁ እስኪላጥ አትጠብቁ። ሲቀላ ነው ፕላስተር የሚለጠፈው።

አሸዋና ላብ ተደባልቀው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳሉ፤ ስለዚህ የውስጡን ገጽ በሞቅ ያለ ውኃና በሳሙና እሹት። ቆዳና ቡሽ ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ። ሁሉንም በጥላ አድርቁ። የቬልክሮው መንጠቆ ክርና ፀጉር ሲሞላ መያዝ ያቆማል፤ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ካበጠራችሁት ይመለሳል። ኢቪኤ ሶል ያለውን ጫማ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ። እኔ አንድ ጊዜ ትቼ ስመለስ አንዱ ቁጥር ወርዶ ጠበቀኝ።

በየሁለት ሦስት ወሩ ደግሞ ጥንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ በኩል ዝቅ ብላችሁ እዩ። ቀጥ ብለው ከቆሙ ይቀጥሉ። አንዱ ወደ ጎን ካዘመመ፣ ወይም የሥሩ ጥርስ ተረከዝ አካባቢ ልሙጥ ከሆነ፣ ማሰሪያው ገና አዲስ ቢመስልም ከእንግዲህ አጭር መንገድ ላይ ብቻ አድርጓቸው።